የሂልስቪል መጠለያ፤ አካልን ከማቅናት መንገድን ወደ ማቅናት

አንድ የሕዝብ መጎብኛ ስፍራ በሩን ለሁሉ ከፈተ በተባለ ጊዜ፥ «ሁሉ» የተባለው ቃል እነማንን እንደሚያጠቃልል መጠየቅ ተገቢ ነው። በር ተከፍቶ ሳለ ከደጅ የሚቀር ሰው አለና። ከበሩ ፊት ሦስት የድንጋይ ደረጃ ቢኖር፥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ደረጃ መውጣቱንም ሳያስተውል ያልፋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን እነዚያ ሦስት ደረጃዎች ከተዘጋ የብረት በር አይለዩም። አበው «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ያሉት ለዚህም ነገር ይስማማል። ደረጃውን የሠራው ግንበኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ልቡ ያላሰበውን ሰው ዐይኑም አላየውም።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጕዳይ በአንድ ስፍራ ታሪክ ልንመረምረው አስበናል። ስፍራው በአውስትራሊያ፥ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር፥ ከሜልቦርን ከተማ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሂልስቪል የዱር አራዊት መጠለያ ነው። ከሌሎች መርጠን ያነሣንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከሩቅ አገር የመጡ አንበሳና ዝሆን የሚታዩበት ሳይሆን፥ የአውስትራሊያ ምድር ራሷ ያስገኘቻቸው አራዊትና አዕዋፍ የሚጠበቁበት መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፥ ዛሬ አካል ጉዳተኞች ከሌላው ጎብኚ ጋር አብረው የሚመላለሱበት ይህ ስፍራ፥ ከ100 ዓመት በፊት የተጀመረው የአካል ጉዳተኞችን ክንድና እግር ሲያክሙ በኖሩ በአንድ ሐኪም አሳብ መሆኑ ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ሐኪሙ ዊሊያም ኮሊን ማኬንዚ ይባላሉ። በ1877 ኪልሞር በተባለች የቪክቶሪያ ከተማ ተወለዱ። በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ከጨረሱ በኋላ በዚያው ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል አገለገሉ፤ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ተሻግረው በ1903 በኤዲንበርግ የቀዶ ሕክምና ማዕርግ አገኙ። ከዚያ ወዲያ ሙሉ አሳባቸውን ያሳረፉት የአጥንትንና የጡንቻን ጉዳት በማከም ላይ፥ ይልቁንም በዚያን ዘመን የብዙ ወላጆችን ቤት ባጨለመው በፖሊዮ ላይ ነበር። ፖሊዮ ትናንት ሲሮጥ የዋለውን ሕፃን በጥቂት ቀን ትኩሳት ክንዱን ወይም እግሩን ሽባ አድርጎት የሚሄድ በሽታ ነው። መንሥኤው ቫይረስ መሆኑን ላንድሽታይነርና ፖፐር የተባሉ ሊቃውንት በቪየና የገለጹት በ1908 ነው። መከላከያው ክትባት ግን የተገኘው ከዚያ ብዙ ቈይቶ በ1955 ስለ ሆነ፥ በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ሐኪሞች ሊያደርጉ የሚችሉት በሽታው ጥሎት የሄደውን አካል እንደ ምንም ማዳን ብቻ ነበር።

የማኬንዚ ትምህርት በአጭሩ የሚከተለው ነው። የደከመ ጡንቻ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሻው ዕረፍት ነው። ለምሳሌ ክንድን ከትከሻ የሚያነሣው ጡንቻ በበሽታው ቢደክምና ክንዱ ቍልቍል እንደ ተንጠለጠለ ቢተው፥ ጡንቻው በክንዱ ክብደት እየተሳበ ይረዝማል፤ የቀረችው ጥቂት ኀይል እንኳ ትጠፋበታለች። ስለዚህ ክንዱን ከጎን ወደ ላይ አንሥቶ በመደገፊያ ማሳረፍ፥ ጡንቻው ሳይሳብ እንዲቈይ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዕረፍቱ በኋላ ደግሞ ጡንቻውን እንደ ሕፃን ተማሪ ከቀላል ወደ ከባድ ሥራ እያሻገሩ ማስተማር ይገባል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማኬንዚ ወደ እንግሊዝ ሄደው ከታወቁት የአካል ጥናት ሊቅ ከአርተር ኪዝ ጋር ሠሩ፤ በለንደንም በወታደሮች የአጥንት ሕክምና ሆስፒታል ይህንኑ ትምህርታቸውን በቈሰሉ ወታደሮች ላይ ፈተኑት። «የጡንቻዎች ተግባር» ብለን ልንተረጕመው የምንችለው መጽሐፋቸው በ1918 ታተመ።

እዚህ ላይ አንባቢው፥ «ይህ ሁሉ ከዱር አራዊት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። ግንኙነቱ እንዲህ ነው። ማኬንዚ የሰውን ጡንቻ በሚገባ ለመረዳት የእንስሳትን ጡንቻ ማነጻጸር እንደሚያስፈልግ ያምኑ ነበር። በአገራቸውም ለዚህ ጥናት በዓለም አቻ የሌላቸው እንስሳት ነበሩ። ካንጋሮና ኮዋላ ግልገላቸውን በሆዳቸው ላይ ባለ ከረጢት ያሳድጋሉ። ፕላቲፐስና ኤኪድና ደግሞ እንደ ወፍ ዕንቍላል እየጣሉ የተፈለፈለውን ግን ወተት ያጠባሉ። ኮዋላ ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ ከግንድ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ኤኪድና መሬት ይምሳል፤ ፕላቲፐስ በወንዝ ውስጥ ይዋኛል፤ ካንጋሮ በኋላ እግሮቹ ይዘላል። አንዱ ጡንቻ በልዩ ልዩ ፍጥረት ምን ምን ሥራ እንደ ተሰጠው የሚያይ ሐኪም፥ በአንድ ሕፃን ክንድ ላይ ምን እንደ ጐደለና ምን ሊመለስ እንደሚችል አጥርቶ ሊያውቅ ይችላል፤ የማኬንዚ እምነት ይህ ነበር።

ነገር ግን እነዚህ እንስሳት እያለቁ ነበር። በዚያን ዘመን የኮዋላ ቆዳ ታላቅ የንግድ ዕቃ ነበረና፥ በ1927 በኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር ብቻ በአንድ የአደን ወቅት ከ500,000 የሚበልጡ ኮዋላዎች ተገድለዋል። በታዝማኒያ ደሴት ይኖር የነበረው፥ በጀርባው ሸንተረር ያለው ታይላሲን የተባለው አውሬም እንዲሁ እየታደነ ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ የታወቀው የመጨረሻው ታይላሲን በሆባርት ከተማ የአራዊት ግቢ ውስጥ በ1936 ሞተ። ማኬንዚ አጥንታቸውንና ጡንቻቸውን ሰብስቦ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ሕይወታቸውንም መጠበቅ እንደሚገባ ተረድተው፥ በ1920 በሂልስቪል አጠገብ ባጀር ክሪክ በተባለው ወንዝ ዳር 78 ኤከር፥ ማለት 32 ሄክታር ያህል መሬት በኪራይ ያዙ። በዚያም የምርምር ጣቢያቸውን አቋቋሙ። የሂልስቪል መጠለያ መሠረት ይህ ነው።

ታሪክን በእውነት ለመጻፍ የሚሻ ሰው ግን፥ መሬቱ ከማን እንደ ተገኘ ሳይናገር ሊያልፍ አይገባውም። ያ 32 ሄክታር የተቈረሰው ኮራንደርክ ከሚባለው የነባሩ ሕዝብ ሰፈር ነው። ውሩንጀሪና ሌሎች የኩሊን ነገዶች አገራቸው በሰፋሪዎች ከተያዘባቸው በኋላ በሳይመን ዎንጋና በዊሊያም ባራክ መሪነት በ1863 በዚህ ስፍራ ተቀመጡ። ዱሩን መንጥረው አረሱ፤ ቤትና ትምህርት ቤት ሠሩ፤ ጌሾ መሰል የቢራ ተክል አልምተው እስከ ሜልቦርን ገበያ አደረሱ። መሬቱን የሚመኙ ጎረቤቶች በተነሡባቸው ጊዜም ባራክና ጓደኞቹ ወደ ሜልቦርን በእግራቸው እየተጓዙ ለመንግሥት አቤት አሉ፤ በ1881ም ነገራቸው በመርማሪ ጉባኤ ፊት ታየ። ይሁን እንጂ በ1886 የወጣው ሕግ የተደባለቀ ዘር ያላቸውን ወጣቶች ከሰፈሩ ስላስወጣ የሠራተኛው ቍጥር ተመናመነ፤ በ1893 የመሬቱ እኩሌታ ተወሰደ፤ በ1924ም ሰፈሩ ተዘግቶ ከጥቂቶች በቀር የቀሩት ነዋሪዎች ሌክ ታየርስ ወደተባለ ሩቅ ስፍራ ተዛወሩ።

እንግዲህ በአንድ ዘመን በአንድ ምድር ላይ ለአራዊት መጠለያ ሲከፈት ለሰዎች መጠለያ የነበረው ተዘጋ። ይህን የምንጽፈው የማኬንዚን ሥራ ለማቃለል አይደለም። «ሁሉ» የሚለው ቃል በየዘመኑ አንዳንድ ሰዎችን እያስቀረ እንደ ተነገረ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘን ነው። ከቀድሞው የኮራንደርክ መሬት 81 ሄክታር ያህሉ ለውሩንጀሪ ሕዝብ የተመለሰው በ1999 ነው።

ማኬንዚ የሰበሰቡትን የእንስሳት አካል ሁሉ ለአገራቸው መንግሥት በስጦታ አበረከቱ። በ1924 በወጣ ሕግም የአውስትራሊያ የእንስሳት ጥናት ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተቋቁሞ እርሳቸው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ በኋላም ተቋሙ በካንቤራ በታነጸለት ሕንፃ ውስጥ የአካል ጥናት ተቋም ተብሎ ተሰየመ። በ1929 «ሰር» የሚለውን ማዕርግ ተቀበሉ። እርሳቸው ወደ ካንቤራ በሄዱ ጊዜ የባጀር ክሪክ መሬት ለሂልስቪል ከተማ አስተዳደር ተላልፎ ስለ ነበር፥ የአካባቢው ሰዎች አሳቡን እንዳይጠፋ ይዘው ቈዩ። በ1934 ስፍራው የሰር ኮሊን ማኬንዚ መጠለያ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ሮበርት ኢዲም ያለ ደመወዝ ያስተዳድሩት ጀመር።

ከ1937 እስከ 1947 መጠለያውን የመሩት ዴቪድ ፍሌይ የተባሉ የተፈጥሮ ተመራማሪ ናቸው። እስከዚያን ጊዜ ድረስ በሰው እጅ ተጠብቆ የወለደ ፕላቲፐስ አልነበረም። ፕላቲፐስ እጅግ ድንጉጥ ፍጥረት ነው፤ ብዙ ትል ይበላል፤ ውኃውና መኖሪያ ጕድጓዱ ካልተስማማው ቶሎ ይሞታል። ፍሌይ እንደ ወንዝ ዳር ያለ መኖሪያ ሠርተው፥ ጃክና ጂል የተባሉትን ወንድና ሴት በትዕግሥት ጠበቁ። በ1944 መጀመሪያም በጕድጓዱ ውስጥ ግልገል ተገኘ፤ ኮሪ ተብሎ ተጠራ። ይህ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። በዚያው በሂልስቪል እንዲህ ያለው ልደት እንደገና እስኪሳካ ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ወስዷል። አንድን ፍጥረት ለማኖር ከተፈለገ ፍጥረቱን ከቤቱ ጋር እንዲስማማ ማስገደድ አይበቃም፥ ቤቱን ከፍጥረቱ ጋር እንዲስማማ አድርጎ መሥራት ይገባል፤ የፍሌይ ሥራ ያስተማረው ትልቅ ቁም ነገር ይህ ነው። ሰዎች ይህን ስለ ፕላቲፐስ የተረዱት ስለ ራሳቸው ወገን ከመረዳታቸው በፊት መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን።

ማኬንዚ በሞቱበት በ1938 ቪክቶሪያ በታሪኳ ከባድ ከሆኑት የፖሊዮ ወረርሽኞች በአንዱ ውስጥ ነበረች። ወረርሽኙ የጀመረው በ1937 ሲሆን ብዙ ሕፃናት በእንጨትና በብረት መደገፊያ ታስረው ለወራት ተኝተዋል። ኤልሳቤጥ ኬኒ የተባሉ የኩዊንስላንድ ነርስ ግን በዚያው ዘመን፥ አካልን ለረጅም ጊዜ አስሮ ማቈየት ይጎዳል፥ ትኩስ ጨርቅና እንቅስቃሴ ይሻላል ብለው ሐኪሞችን ተከራከሩ። ክርክሩ ብዙ ዓመታት ቈየ፤ የኬኒም አሳብ በሌሎች አገሮች ጭምር ብዙ ተከታይ አገኘ። ስለ ሕክምናው ማን የበለጠ ትክክል እንደ ነበረ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ለእኛ ቁም ነገሩ፥ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጥያቄ ላይ ተስማምተው መከራከራቸው ነው። ጥያቄያቸው «ይህን ልጅ እንደ ሌሎቹ እንዲሄድ እንዴት እናድርገው?» የሚል ነበር።

ብዙዎች በእነዚህ ሕክምናዎች ቆመው ሄደዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ያልሄዱትስ? መደገፊያው ተፈትቶ፥ ልምምዱ ተፈጽሞ፥ እግሩ አልታዘዝ ያለው ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት መግባት፥ ሥራ መያዝ፥ ከወዳጆቹ ጋር ዱር አራዊት ማየት አማረው። ትምህርት ቤቱ ደረጃ ነበረው፤ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ነበረው፤ የመናፈሻው መንገድ ጠጠርና ጭቃ ነበር። ሰው ቢሸከመው ይገባ ነበር። ነገር ግን ተሸክሞ የሚያስገባው ሰው ባለ ቀን ብቻ የሚገባ ሰው፥ የተሸካሚው እንግዳ እንጂ የስፍራው ጎብኚ አይደለም።

ጥያቄውን የለወጡት እነዚሁ ያደጉ ልጆች ናቸው። በአሜሪካ ኤድ ሮበርትስ የተባለ ወጣት በ14 ዓመቱ በ1953 በፖሊዮ ተይዞ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆኖ ነበር። በ1962 በበርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከተማረ በኋላ፥ ከጓደኞቹ ጋር በ1972 አካል ጉዳተኞች ኑሮአቸውን ራሳቸው እንዲመሩ የሚረዳ ማዕከል አቋቋመ። የእነርሱ ጥያቄ «ይህን ሰው እንዴት እናስኪደው?» የሚል አልነበረም፤ «ይህ ሰው እንዳይገባ ያገደው ምንድር ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው በተለወጠ ጊዜ መልሱም ተለወጠ። ጉድለቱ ከሰውየው እግር ላይ ወርዶ ከደረጃው ላይ ተገኘ።

ይህ አሳብ ከአገር ወደ አገር እየተላለፈ ሄደ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 1981ን ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ዓመት ብሎ ሰየመ። አውስትራሊያ በ1992 በአካል ጉዳት ምክንያት የሚደረግ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ2006 የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ጸደቀ፤ አውስትራሊያም በ2008 ተቀበለችው። በ2010 ደግሞ ለሕዝብ የሚሠሩ ሕንፃዎች መግቢያ እንዴት መሆን እንዳለበት የሚደነግግ ዝርዝር መመሪያ ወጣ። በእነዚህ ሕጎች የተለወጠው ትልቁ ነገር አንድ ነው። ቀድሞ ለአካል ጉዳተኛ በር የሚከፈተው በርኅራኄ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በመብት ነው። ርኅራኄ መልካም ነገር ቢሆንም በሰው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ ይኖራል፥ ነገ ላይኖር ይችላል። መብት ግን ደግ ዘበኛ እስኪገኝ አይጠብቅም።

እንዲህ ያለው መብት በተግባር የሚታየው በቍጥርና በመለኪያ ነው። በአውስትራሊያ የአሠራር ደንብ መሠረት፥ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ከ14 ሜትር ማጠር የለበትም፤ በዚህ ልክ የተሠራው መወጣጫም ቢበዛ በየ9 ሜትሩ ሜዳ የሆነ ማረፊያ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ከዚህ የበለጠ ቀጥ ካለ ወንበሩን የሚገፋው ክንድ ይዝላል፤ ሲወርድም ወንበሩ ከእጅ ያመልጣል። በሩ ሲከፈት የሚተወው ስፍራ ከ85 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ተወስኗል። ሌላው ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው የጥቂት ሴንቲ ሜትር ጉዳይ፥ ለአንዱ ሰው ቀኑን በደስታ የማሳለፍ ወይም ከደጅ የመመለስ ጉዳይ ነው።

በዛሬው የሂልስቪል መጠለያ አካል ጉዳተኛው ጎብኚ ለመኪናው የተለየ ማቆሚያ አለው። ተሽከርካሪ ወንበር ለሌለው የሚውል ወንበር ያገኛል፤ ለእርሱ እንዲመች ሆኖ የተሠራ መጸዳጃ ቤትም አለ። አብዛኛው መንገድ ወንበር በሚገፋበት ሁኔታ ተዘጋጅቶ በረጃጅም የባሕር ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል። በ2003 በቪክቶሪያ በተጀመረው የአጃቢ መታወቂያ ካርድ ደንብ መሠረትም፥ ያለ ረዳት መንቀሳቀስ የማይችል ጎብኚ ስለ ረዳቱ ሁለተኛ የመግቢያ ዋጋ አይከፍልም። ይህ ደንብ ትንሽ ቢመስልም ፍርዱ የተስተካከለ ነው፤ አንድ ሰው አንዱን ካንጋሮ ለማየት የሁለት ሰው ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት የለምና።

ዐይነ ስውሩም ጎብኚ ባዶውን አይመለስም። ዱሩ በድምፅ የተሞላ ነው። ላየርበርድ የምትባለው ወፍ የሌሎችን አዕዋፍ ዜማ ሁሉ እያስመሰለች ትዘምራለች፤ ኩካባራም እንደ ሰው ይስቃል። አዳኝ ወፎች በሚበሩበት ትርኢት ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው ክንፋቸው ነፋሱን ሲቀዝፍ መስማት ይችላል። ከዚህም በላይ በመጠለያው ውስጥ የተጎዱ የዱር አራዊት የሚታከሙበት ሆስፒታል ስላለ፥ ጎብኚው ሐኪሞቹ ሲሠሩ በመስተዋት በኩል ይመለከታል። በመኪና የተመታ ወይም በሰደድ እሳት የተቃጠለ እንስሳ እዚያ ይታከማል። የአንድ ሐኪም አሳብ ከእንስሳት አካል ተምሮ ሰውን ለማከም ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሰው ጥበብ እዚያው ምድር ላይ እንስሳቱን ያክማል።

መጠለያው ከመጎብኛነት ያለፈ ተግባርም አለው። የቪክቶሪያ መለያ የሆነችውን፥ ራሷ ላይ እንደ ቢጫ ቍር ያለ ላባ ያላትን የማር ወፍ ከጥፋት ለማዳን በ1989 የተጀመረው የማራባት ሥራ የሚካሄደው በዚህ ስፍራ ነው። ይህን ሥራ የሚደግፈው የሕዝብ ፍቅር ነው፤ የሕዝብም ፍቅር የሚመጣው ከማየትና ከማወቅ ነው። ስለዚህ ከሕዝቡ አንዱን ክፍል ከደጅ ማስቀረት ጎብኚውን ብቻ ሳይሆን አራዊቱንም ወዳጅ ያሳጣቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ዱር ዱር መሆኑ ነው ክብሩ፤ መንገድ እያነጠፉ፥ መወጣጫ እየሠሩ ተፈጥሮን ማበላሸት ይገባልን? የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ዳገቱን ሁሉ ሜዳ፥ ጫካውን ሁሉ ጐዳና እናድርገው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ስሕተት ነው። ነገር ግን በሚገባ የተሠራ መንገድ ዱሩን ይጠብቀዋል። ጎብኚዎች በፈለጉበት እየረገጡ ሣሩን እንዳያጠፉ፥ የእንስሳቱንም ጕድጓድ እንዳያፈርሱ የሚያደርገው የተወሰነ መንገድ መኖሩ ነው። መንገድ መኖሩ ካልቀረ ደግሞ ሁሉን የሚያስኬድ ቢሆን ከዱሩ ምንም አይጐድልም። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናትም፥ በምርኵዝ የሚሄድ ሽማግሌም በዚያው መንገድ ይጠቀማሉ።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ክር አለ። አውስትራሊያ በ2008 የተቀበለችውን ስምምነት ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ የአገሯ ሕግ ክፍል አድርጋዋለች። ከዚያም በፊት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 በአንቀጽ 36፥ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፥ መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሰሜን ተራሮችን ገደል ለወንበር ማመቻቸት እንደማይቻል ማንም ያውቃል። የፓርክ መግቢያ በር፥ ቲኬት የሚቈረጥበት መስኮት፥ መጸዳጃ ቤቱና መልክአ ምድሩ የሚታይበት አንድ ማማ ግን ገደል አይደሉም፤ የሰው እጅ የሠራቸው ስለ ሆኑ የሰው እጅ ሊያስተካክላቸው ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘውን ትምህርት በአንድ ቃል ለመጠቅለል ብንሻ እንዲህ ማለት እንችላለን። የማኬንዚ ትውልድ አካልን ለማቅናት ደከመ፤ ድካሙም ከንቱ አልሆነም። ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ መንገድን ለማቅናት ተነሣ። ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ይፈጽመዋል እንጂ። ሕክምና የሚችለውን ያህል ይሠራል፤ ሕክምና ካቆመበት ላይ ግን ሰውየው አላበቃም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተራ የሐኪሙ ሳይሆን የግንበኛው፥ የባለ ሥልጣኑና የመምህሩ ነው።

ስለዚህ ሕንፃ የሚያሠራ ባለ ሥልጣን ፕላኑን ሲፈርም፥ ከበሩ ፊት ስንት ደረጃ እንዳለ ይቍጠር። መምህሩም ተማሪዎቹን ይዞ አራዊትና አዕዋፍ ለማሳየት በሚወጣበት ቀን አብረውት የሄዱትን ብቻ ሳይሆን በክፍል የቀረም ልጅ እንዳለ ይመልከት። የቀረ ቢኖር፥ እግሩን ሳይሆን መንገዱን ይመርምር።